ቁልፉን በሩ ላይ ሰቅሎ ሌባ ፍለጋ

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ነበር። ሌሊቱ ወደ ቅዳሜ ሲሻገር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ያልተለመደ ነገር አዩ። ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከኤቲኤም ይወጣል፤ በስልክም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ወሬው በቴሌግራምና በዩኒቨርሲቲ ዶርሞች ተዛመተ። ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ነቅቶ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ሰዓታት አለፉ።

በመጀመሪያ የተወራው 2.4 ቢሊዮን ብር ነበር። ባንኩ ኋላ ላይ አስልቶ፣ ያለአግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን፣ በእነዚያ ሰዓታትም ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ግብይቶች መካሄዳቸውን ተናገረ። የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ብሔራዊ ባንክም በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው ብሎ መግለጫ አወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን “ገንዘቡን መልሱ” እያሉ ማስታወቂያ ለጠፉ። በፈቃዱ የመለሰ አይጠየቅም ተባለ። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ በባንኩ ቅርንጫፎች ተለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ፤ ወሬው በረደ፤ ሀገሩም ወደ ሌላ አጀንዳ ዞረ።

በእነዚያ ሳምንታት የተወራው በሙሉ ስለ ሰው ነበር። የወጣቱ ሥነ ምግባር ወደቀ፣ ወላጅ ልጁን አልመከረም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ምንድን ነው፣ ተባለ። አንድ ጥያቄ ግን በአደባባይ ሲነሳ ብዙም አልተሰማም፤ “ከሌለ ገንዘብ ላይ አይወጣም” የሚለው ደንብ የት ነበር የተቀመጠው?

ይህ ጥያቄ የቴክኒክ ይመስላል። የፖለቲካም፣ የትምህርትም፣ የተጠያቂነትም ጥያቄ ነው። መልሱን ለመረዳት ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። ፒያሳ ወርቅ ቤት መግባት ይበቃል።

ሚዛኑ በማን በኩል ነው?

የፒያሳን ወርቅ ቤቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ የሰፈሩም መልክ በኮሪደር ልማት ተለውጧል። የወርቅ ቤት ደንብ ግን ያው ነው። ወርቁ ከመስታወት ኋላ ይቀመጣል። ደንበኛው ያያል፣ በጣቱ ያመለክታል፣ “ያቺን” ይላል። ባለሱቁ ያወጣል፣ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ ግራሙንና ካራቱን ተናግሮ ዋጋውን ያሰላል። ሊሸጥ የመጣም እንዲሁ ነው፤ ቀለበቱን ያስረክባል፣ ባለሱቁ ይፈትሻል፣ ይመዝናል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀለበቱ ወደ መስታወቱ ኋላ የሚገባው። ባንኮኒውን ዞሮ ገብቶ ትሪው ላይ የፈለገውን የሚያስቀምጥ ወይም የሚያነሳ ደንበኛ የለም።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር መስታወቱ አይደለም፤ መስታወት ይሰበራል። ዋናው ሚዛኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሚዛኑ ከወርቁ ጋር፣ ከባንኮኒው ውስጥ ነው። ደንበኛው ሚኒስትር ሆነ ተማሪ፣ ሌባ ሆነ ቄስ፣ ወርቁ ሚዛኑን ሳያልፍ አይወጣም። ባለሱቁ የደንበኛውን ሥነ ምግባር መመርመር አያስፈልገውም።

የሶፍትዌር ሰዎች “ኢንካፕሱሌሽን” የሚሉት ይኸንኑ ነው። መረጃውና መረጃውን የሚጠብቀው ደንብ በአንድ ላይ ይታሸጋሉ። ያ የታሸገ ነገር “ኦብጀክት” ይባላል። ከውጭ ያለ ፕሮግራም ኦብጀክቱን አንድ ሥራ እንዲሠራለት ይጠይቀዋል፤ ውስጡን ግን በራሱ እጅ አይነካም። የባንክ ሂሳብ ኦብጀክት ከሆነ “400 ብር ክፈል” ይባላል። ሂሳቡ ራሱ ቀሪውን አይቶ፣ ደንቡን ፈትሾ፣ ይከፍላል ወይም “አይቻልም” ይላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ኦሌ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ “ሲሙላ” የተባለውን ቋንቋ ሲሠሩ መረጃንና በመረጃው ላይ የሚሠራውን ሥራ በአንድ አካል አሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1972 ዴቪድ ፓርናስ ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ሶፍትዌር ሲከፋፈል እያንዳንዱ ክፍል ነገ ሊለወጥ የሚችልን ውሳኔ በውስጡ መደበቅ እንዳለበት ተከራከረ። ሌላው ክፍል ያንን ምስጢር ካላወቀ፣ ምስጢሩ ሲለወጥ ሌላው አይፈርስም። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል።

የፈተና መልስ ሆኖ የቀረ ሐሳብ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ይህን ትምህርት በጃቫ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ይማረዋል። ፈተና ላይም “ኢንካፕሱሌሽን ምንድን ነው?” ተብሎ ይጠየቃል። ብዙው ተማሪ ሸምድዶ የሚጽፈው መልስ የታወቀ ነው፤ መረጃዎቹን ፕራይቬት ማድረግ፣ ለእያንዳንዳቸው ጌተር እና ሴተር መጻፍ። ጌተር መረጃውን አውጥቶ የሚሰጥ ትንሽ ትእዛዝ ነው። ሴተር ደግሞ ያለውን መረጃ በአዲስ የሚተካ። መልሱ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ተማሪው ተመርቆ ባንክ፣ ቴሌኮም ወይም መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ይህንኑ ይዞ ይገባል።

ይህ መልስ ስህተት ነው። ከፊል እውነት ይዟል የሚባልም አይደለም፤ ሐሳቡን ገልብጦ የያዘ ነው።

ወደ ወርቅ ቤቱ እንመለስ ብሎ ማየት ይቻላል። ባለሱቁ መስታወቱን ቆለፈ። ጥሩ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ትሪ ሁለት ቁልፍ አስቀረጸ፤ አንዱ ለማውጣት፣ አንዱ ለማስገባት። ቁልፎቹንም በገመድ አድርጎ ባንኮኒው ፊት ለፊት አንጠለጠላቸው። የገባ ሁሉ ቁልፉን አንስቶ ይከፍታል፣ ያወጣል፣ ያስገባል፣ መልሶ ይቆልፋል። “ሱቁ ተቆልፏል ወይ?” ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ “አዎ” ነው። ወርቁ ግን ተጠብቋል?

ለሁሉም መረጃ በጅምላ የተጻፈ ጌተርና ሴተር ይኸው ነው። በወረቀት ላይ “ፕራይቬት” የሚል ቃል አለ፤ በተግባር ግን ማንም የፕሮግራሙ ክፍል ቀሪ ሂሳቡን አንብቦ፣ ደስ ያለውን ቁጥር መልሶ መጻፍ ይችላል። ሚዛኑ ከባንኮኒው ውስጥ ወጥቶ በየደንበኛው ኪስ ገብቷል።

ልማዱ ከየት መጣ? ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ “ጃቫ ቢንስ” የሚባል ደንብ ተከተለ። የዚያ ደንብ ዓላማ፣ በስክሪን ላይ አዝራርና ሳጥን እየጎተቱ ፕሮግራም የሚሠሩ መሣሪያዎች የአንድን አካል ባሕርይ አንብበው እንዲቀይሩ ማድረግ ነበር። መሣሪያው ባሕርዩን እንዲያገኘው ስሙ “ጌት” ወይም “ሴት” ብሎ ይጀምር ተባለ። ለአዝራር ቀለምና ለሳጥን ስፋት የወጣ ልማድ ወደ ሁሉም ነገር ተዛመተ። ዛሬ ኮድ መጻፊያዎቹ ራሳቸው በአንድ ጠቅታ ለሁሉም መረጃ ጌተርና ሴተር ይደረድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 አለን ሆለብ ይህን ልማድ በርትቶ የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርቲን ፋውለር ውስጣቸው መረጃ ብቻ ተሸክመው ምንም ደንብ የሌላቸውን ኦብጀክቶች “ደም ያነሳቸው” ሲል ተቸ። ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ማስተማሪያ ስላይዱ ግን አልተቀየረም።

500 ብር እንዴት 800 ይሆናል?

ይህ የቃላት ክርክር እንዳይመስል አንድ ስሌት ማየት ይጠቅማል።

በአንድ ሂሳብ ውስጥ 500 ብር አለ እንበል። የሂሳቡ ፕሮግራም ሁለት ትእዛዝ ብቻ ያውቃል፤ “ቀሪን አምጣ” እና “ቀሪን ቀይር”። የኤቲኤሙ ፕሮግራም “ቀሪን አምጣ” ይላል፤ 500 ይመጣለታል። 400 ሊከፍል ይፈልጋል፤ 500 ከ400 ይበልጣል፣ ይቻላል፣ ይላል። በዚያችው ቅጽበት የስልኩ ፕሮግራም ደግሞ ከዚያው ሂሳብ ላይ 400 ሊያስተላልፍ “ቀሪን አምጣ” ይላል። ኤቲኤሙ ገና አልቀየረም፤ ስለዚህ ለስልኩም 500 ይመጣለታል። እሱም ይቻላል ይላል። ኤቲኤሙ 400 ከፍሎ “ቀሪን ወደ 100 ቀይር” ይላል። ስልኩም 400 አስተላልፎ “ቀሪን ወደ 100 ቀይር” ይላል።

ውጤቱ ምንድን ነው? ከባንኩ 800 ብር ወጥቷል። መዝገቡ 100 ብር ቀሪ አለ ይላል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ፈትሸዋል፤ ሁለቱም አልዋሹም፤ የሰረቀም የለም። ስህተቱ ፍተሻው ከመረጃው ርቆ መቀመጡ ነው። ፍተሻው ሂሳቡ ውስጥ ቢሆንና ትእዛዙ “400 ክፈል” ቢሆን፣ ሂሳቡም ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ቢያስተናግድ፣ ሁለተኛው ጠያቂ ቀሪው 100 ብር ነውና “አይቻልም” ይባል ነበር።

ሌላም ጣጣ አለ። ደንቡ በየጠያቂው ፕሮግራም ከተበተነ፣ ኤቲኤሙ አንድ ቅጂ፣ የሞባይል መተግበሪያው ሌላ ቅጂ፣ የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ሦስተኛ ቅጂ ይይዛል። አንዱ ለጥገና ሲነካ፣ ሲዘመን ወይም ሲቋረጥ ደንቡም አብሮ ይቋረጣል። የቀሩት ቅጂዎች ምንም አያውቁም። ደንቡ ከመረጃው ጋር ከሆነ ግን የትኛውም በር ቢሰበር ሚዛኑ በቦታው ነው።

አሮጌው የመዝገብ ጸሐፊ ያውቅ ነበር

የሚገርመው፣ “ቀሪን ቀይር” የሚለው ትእዛዝ በሂሳብ ሥራ ታሪክ ቦታ የለውም። ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን የድርብ መዝገብ አያያዝ ጽፎ አስቀምጧል። በዚያ አያያዝ ቀሪ ሂሳብ በዘፈቀደ የሚጻፍ ቁጥር አይደለም። ገቢና ወጪ ይመዘገባል፤ ቀሪው ከእነሱ ይሰላል። ስህተት ቢገኝ አይፋቅም፤ የሚያርም ሌላ ምዝገባ ይጻፋል። የቱ ብር ከየት መጥቶ የት እንደሄደ ዱካው ይቀራል።

አጼ ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን ሲከፍቱ ወደ አዲስ አበባ የገባው የባንክ ሥራ ይህን ደንብ ይዞ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ በየባንኩ የሠሩ የመዝገብ ጸሐፊዎች ኮምፒውተር አላዩም፤ “ኦብጀክት” የሚል ቃልም አልሰሙም። ነገር ግን ደንበኛ ከመስኮቱ ወዲህ እንደሚቆም፣ መዝገቡ ከመስኮቱ ወዲያ እንደሚቀመጥ፣ ቀሪውን ፍቆ የጻፈ ጸሐፊ እንደሚጠየቅ ያውቁ ነበር። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤትም እንዲሁ ነው። ባለጉዳይ ፋይሉን ይጠይቃል እንጂ መደርደሪያው ውስጥ ገብቶ ገጽ አይቀይርም።

ስለዚህ ኢንካፕሱሌሽን ከውጭ የመጣ የፈረንጅ ረቂቅ ሐሳብ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የአራዳ ሰው ከኮምፒውተር በፊት ያውቀዋል። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊት አራዳ የከተማዋ ትልቁ ገበያ ነበር፤ ያን ጊዜም ቀረጡን የሚቀበለው የነጋድራሱ ሰው እንጂ ነጋዴው ራሱ በመዝገቡ ላይ የፈለገውን አይጽፍም ነበር። የተረሳው ዘመናዊ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው።

“ሌባ ግን ሌባ ነው”

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ “በሩ ክፍት ቢሆንስ? የሰው ገንዘብ የወሰደ ሌባ ነው” የሚል ነው። እውነት ነው። የሌለውን ገንዘብ መሆኑን እያወቀ የወሰደ ሰው ጥፋተኛ ነው፤ መመለሱም ተገቢ ነበር። ክርክሩ ግን የጥፋተኛው ቁጥር ላይ ነው። ፎቶው የተለጠፈው የአንድ ወገን ብቻ ነው። የደንበኛው ስም በቅርንጫፍ በር ላይ ሲለጠፍ፣ ደንቡ የት እንደነበረ፣ ጥገናው ለምን ያለ መከላከያ እንደተካሄደ፣ ዳግም እንዳይሆን ምን እንደተቀየረ የሚገልጽ ወረቀት ከጎኑ አልተለጠፈም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። እዚህ አይጧም በልታለች፤ ጎተራውን ክፍት የተወው ግን ለምን አይጠየቅም?

ደግሞም ከ38 ሚሊዮን በላይ ሂሳብ ያለው ባንክ በደንበኞቹ ጨዋነት ላይ ቆሞ ሊያድር አይችልም። በዚህ ብዛት ውስጥ ጨዋ አለ፣ ተንኮለኛ አለ፣ ያልገባው አለ፣ ሌሊት ስልኩን እየነካካ ያለ የ19 ዓመት ልጅ አለ። ጥሩ ሥርዓት ማለት ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚኖር ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰኞ ጠዋት የሚሰጥ የሥነ ምግባር ትምህርት አርብ ሌሊት የወጣውን ብር አያስቀርም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከባለሙያው ወገን ይመጣል። “ዳታቤዝ መቆለፊያ አለው፣ ትራንዛክሽን አለው፤ ጌተርና ሴተር ደግሞ ለብዙ መሣሪያዎች የግድ ናቸው፤ ኋላም ፍተሻ ሊጨመርባቸው ይችላል” ይባላል። ከዚህ ውስጥ ሁለቱ እውነት ናቸው። ዳታቤዝ “ቀሪ ከዜሮ አይውረድ” የሚል ደንብ መያዝ ይችላል፤ ይህም ራሱ ሚዛኑን ወደ ወርቁ ማስጠጋት ነውና የዚህ ክርክር ደጋፊ ነው። መረጃን ከቦታ ቦታ ብቻ የሚያጓጉዝ፣ የሚጠብቀው ደንብ የሌለው ዕቃም ጌተር ቢኖረው ጉዳት የለውም፤ ፖስታ ማንም ይከፍተዋል። “ኋላ ፍተሻ እንጨምራለን” የሚለው ግን ተስፋ ነው። ሴተሩ አንዴ ለሃምሳ ፕሮግራሞች ከተከፈተ በኋላ ፍተሻ ሲገባበት ሃምሳውም ይጮኻሉ፤ ከጩኸቱ ለመዳን ፍተሻው መልሶ ይነሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የባንኩን የውስጥ ኮድ ማየትም ለዚህ ክርክር አያስፈልግም። በግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ግብይቶች በተካሄዱበት ሌሊት፣ ከሌለ ገንዘብ ላይ በገፍ ከወጣ፣ ደንቡ ሊዘለል በሚችልበት ቦታ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። በጥገና ወቅት የሚጠፋ ደንብ ጥበቃ አይባልም።

ፎቶ ኮፒውስ?

እስካሁን የተነገረው ስለ ሴተር ነው። ጌተር ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ ገንዘብ አያጠፋም፣ ሰልፍ አያሠራም። ጉዳቱ ግን ረጅም ነው።

በአዲስ አበባ አንድ ጉዳይ ለመጨረስ የሚንከራተት ሰው በቅድሚያ የሚፈልገው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የመታወቂያ ኮፒ ለባንክ፣ ለሲም ካርድ፣ ለቤት ኪራይ ውል፣ ለሥራ ቅጥር። አንድ መሥሪያ ቤት ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ “ይህ ሰው ነኝ ያለው ሰው ነው?” የሚሰጠው ግን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ፣ ፎቶ፣ የቅርብ ተጠሪ ስም ነው። ኮፒው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ማን እንዳየው፣ መቼ እንደሚጣል፣ ሱቅ ውስጥ በርበሬ መጠቅለያ ሆኖ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ይህ በወረቀት የተሠራ ጌተር ነው። የተጠየቀው ጥያቄ ትንሽ፣ የተሰጠው መረጃ ሙሉ።

በጥሩ የታሸገ ኦብጀክት መረጃውን አያስረክብም፤ ጥያቄውን ይመልሳል። “ዕድሜው ከ18 በላይ ነው?” ሲባል “አዎ” ይላል እንጂ የትውልድ ቀን አይሰጥም። የሚያስደስተው፣ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተሠራበት ሥርዓት ይህን ማድረግ መቻሉ ነው። አንድ ተቋም የሰውየውን ማንነት ሲያረጋግጥ “አዎ” ወይም “አይደለም” የሚል መልስ ብቻ ሊቀበል ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም፣ መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይደነግጋል። የኢንካፕሱሌሽን ደንብ በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው።

አደጋው ልማዱ ነው። ፋይዳ የያዘ ሰው የፋይዳ ካርዱን ፎቶ ኮፒ አምጣ ከተባለ፣ አዲሱ በር ተሠርቶ ሰው ሁሉ በአሮጌው መስኮት እየገባ ነው። ከመታወቂያው ጋር የተገናኘው ፕሮግራምም በዚያው አእምሮ ከተጻፈ፣ “አዎ ወይም አይደለም” በሚበቃበት ቦታ ሙሉ መረጃውን አውጥቶ ያከማቻል። መንግሥት መረጃ ሰብሳቢውን በሕግ ገድቦ፣ ሕጉን የሚያስፈጽመው ኮድ በሸምዳጅ እጅ ከተጻፈ ሕጉ የግድግዳ ጥቅስ ይሆናል።

አምስት ሚሊዮን ሰው ምን ይማር?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር “5 ሚሊዮን ኮደሮች” የተባለውን መርሐ ግብር ጀመረ። ከባንኩ ሌሊት አራት ወር በኋላ ማለት ነው። ብዙ ወጣት ኮድ መጻፍ ቢማር የሚጠላ የለም። ጥያቄው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን የሚማሩት ነገር ላይ ነው። ጌተርና ሴተር መደርደር አሁን ኮድ መጻፊያው ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ለዚያ አምስት ሚሊዮን ሰው አያስፈልግም። የሚያስፈልገው “ይህን መረጃ ማን መንካት አለበት? የማይጣሰው ደንብ ምንድን ነው? ደንቡስ የት ይቀመጥ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህን ለማስተካከል ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። መምህሩ የፈተና ጥያቄውን ይቀይር። “ኢንካፕሱሌሽንን ግለጽ” ከማለት “500 ብር ካለው ሂሳብ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ 400 ቢጠይቁ የአንተ ፕሮግራም ምን ያደርጋል?” ብሎ ይጠይቅ። ሸምድዶ የመጣና የገባው የዚያን ጊዜ ይለያሉ። ሶፍትዌር የሚገዛ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ የስክሪኑን ቀለምና የሪፖርቱን ብዛት ከመዘርዘሩ በፊት፣ የማይጣሱ ደንቦቹን ይዘርዝር፤ እያንዳንዱ ደንብ ከመረጃው ጋር መቀመጡንም ያስፈትሽ። ባንኮች ጥገና ሲያካሂዱ ቢበላሽ የሚከፍት ሳይሆን ቢበላሽ የሚዘጋ ሥርዓት ይኑራቸው። ተቆጣጣሪውም ብልሽት ሲደርስ የጠፋውን ብር ብቻ ሳይሆን የጠፋውን ደንብ ይጠይቅ፤ መልሱም ለሕዝብ ይነገር።

“አራዳ” የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ሰው አፍ የሰፈር ስም ብቻ አይደለም። ነቄ፣ የማይሸወድ፣ ክፍተት ሲያይ የሚገባው ሰው ማለትም ነው። የዚያን ሌሊት ኤቲኤም ፊት የቆሙት ልጆች በዚህ ትርጉም አራዳ ነበሩ። በሩ ላይ የተጻፈውን አላነበቡም፤ በሩን ገፋ አድርገው አዩት፣ ተከፈተ። የሚያሳዝነው ሥርዓቱን የሠሩትና የሚጠብቁት ፋራ ሆነው መገኘታቸው ነው። ሥርዓት የሚሠራ ሰው በሩን ከሌሎች ሁሉ በፊት ራሱ ገፍቶ ማየት አለበት።

ፎቶዎቹ ከቅርንጫፎቹ በር ላይ ተነስተዋል። የሚቀጥለው ጥገና ግን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ከባንኮኒው ውስጥ ይሁን።